አሮጌ ፒክአፕ ለሥራ ሲታደስ ገንዘቡ መጀመሪያ የት ይግባ?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ በየቀኑ ሥራ ላይ ስለምትውል አሮጌ ፒክአፕ ነው። ታጥባ ግቢ ውስጥ የምትቆም መኪና አይደለችም።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1993 ሞዴል ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ነጠላ ጋቢና፣ 2.4 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ 2ኤል የሚባለው። አጎቴ ከዓመታት በፊት ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ አወጣት፤ አሁን ወደ እኔ መጥታለች። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ቲማቲም ጭና ደብረ ብርሃን ትወጣለች። ስትመለስ የዶሮ መኖ ወይም ሲሚንቶ ትይዛለች። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከደብረ ሲና በላይ ያለው ጣርማ በር ሲደርሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ። ይህ ሁሉ ዳገት መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ውስጥ ነው።

ጠዋት ቶሎ አትነሳም። ስትነሳ ታጨሳለች። ከደብረ ሲና በላይ ዳገቱን ስትይዝ ሙቀቷ ይወጣል። የፍሬን ፔዳሉ ይሰምጣል። የጋቢናው ወለል በዝገት ተበልቷል። አጎቴ ደግሞ ብዙ እንድትጭን ብሎ ኋላዋ ላይ ተጨማሪ ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከም የብረት ንጣፍ ስፕሪንግ) አስገብቶባታል።

እኔ የማምነው ይህን ነው። መጀመሪያ ሻንሲው፣ መኪናዋን ከስር የሚሸከመው የብረት አካል፣ ይታይ። ቀጥሎ ፍሬን፣ ከዚያ ማቀዝቀዣው፣ ከዚያ ሞተሩ። ቀለም የመጨረሻ ነው። ብዙ ሰው ግን በተቃራኒው ሲሄድ አያለሁ። ስቱኮ ተለጥፎ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ የወንበር ልብስ ተቀይሮ ገንዘቡ ያልቃል። ፍሬኑ እንደነበረው ይቀራል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

(መልሶቹ በዝተዋል፣ መሐል ላይም ወሬው ወደ ሌላ ሄዷል። በኋላ ለሚመጣ ሰው እንዲመች እያንዳንዱን በየቁጥሩ በራሴ ቃል ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ።)

መልስ 1፦ ከሐዋሳ የጻፈ ወንድም ነው። ጥሩ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝና ቅደም ተከተሌን አልቀበልም አለ። ሞተሩ የማይሠራ መኪና ሻንሲው ቢጠገን ለማን ይጠቅማል ባይ ነው። ጭስ የሚለውን ሲያነብ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል ብሎ ደመደመ። ሞተሩ ይውረድ፣ ሬቲፊካ (ሲሊንደሩን እንደገና መሞረድ) ይግባ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል አለ።

መልስ 2፦ አዲስ አበባ ውስጥ ጋራዥ ያለው መካኒክ መልስ 1ን አረመው። ሳይለኩ ሞተር ማውረድ ደንበኛን መበደል ነው አለ። መጀመሪያ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን፣ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት፣ ይለካል። ይህ ሞተር በአዲስነቱ 30 ባር ገደማ ይሰጣል። ወደ 20 ሲወርድ ነው ማውረድ የሚታሰበው። አንዱ ሲሊንደር ከሌላው ከ5 ባር በላይ ከተለየም እንደዚያው።

ከዚያ ስለ ጭሱ ቀለም በዝርዝር ጻፈ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል። ጠዋት ብቻ የሚታይ፣ ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ያኔ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ሲነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቁት ካንዴሌታዎችና ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎች ናቸው። የአራት ካንዴሌታ ዋጋና ሞተር የማውረድ ዋጋ ደግሞ አይወዳደሩም። ለቆላ የተስተካከለ ፖምፓ (ናፍጣ የሚመጥነው ፓምፕ) ደጋ ሲወጣ ጥቁር እንደሚያጨስም ነገረን። ደብረ ብርሃን ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ናፍጣው ግን እንደዚያው ይረጫል።

የእኔዋ ጭስ ነጭ ነው፣ ሞተሩ ሲሞቅም ይጠፋል። ስለዚህ ይህ መልስ ብዙ ገንዘብ አድኖልኛል።

መልስ 3፦ አንድ መስመር ብቻ ነው። ሽጣትና ተገላገል ይላል።

መልስ 4፦ ለመልስ 3 የተሰጠ ነው፤ ቆጣ ያለ ነው። ሽጦ ምን ሊገዛ ነው ብሎ ጀመረ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ መጣሉን አስታወሰ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ሁሉም ነገር ሌላ ዋጋ ይዟል አለ። እጅህ ላይ ያለችውን የምታውቃትን መኪና ሰጥተህ የማታውቀውን የሌላ ሰው ችግር ትገዛለህ ብሎ ጨረሰ። ከመልስ 3 ጸሐፊ ሌላ ቃል አልመጣም።

መልስ 5፦ ከኮምቦልቻ የጻፈ በያጅ ነው። ከሁሉም መልሶች ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው።

ሻንሲው የሚሰነጠቀው በብዛት ከጋቢናው ጀርባ፣ ካሶኒው (የጭነት ሳጥኑ) በሚጀምርበት ቦታ ነው አለ። ጭነቱ ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ሞተሩ ወደ ፊት ይጎትታል፣ መሐሉ ይታጠፋል። ተጨማሪ ባሌስትራ ይህን ያባብሰዋል። ባሌስትራው ቀድሞ ይለመጥና ጉድጓዱን ይቀበል ነበር። አሁን ስለደረቀ ምቱ በቀጥታ ሻንሲው ላይ ያርፋል። ይህች መኪና የተሠራችው ለአንድ ቶን ገደማ ነው፤ ባሌስትራ ሲጨመር ሻንሲው አብሮ አይወፍርም።

ምርመራውን እንዲህ አስረዳ። ጭቃውን አጥቦ በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ መፋቅ። ከዚያ በመዶሻ እየመቱ መሄድ። ጤነኛ ብረት ይጮሃል፣ የተበላ ብረት ድምፁ ይታፈናል። ስንጥቁ የፀጉር ያህል ስለሚቀጥን ጥሩ ብርሃን ያስፈልጋል።

ብየዳውን በተመለከተ ጥብቅ ነው። በስንጥቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳ፣ ያለዚያ ስንጥቁ ከብየዳው ስር መሄዱን ይቀጥላል። ስንጥቁ ተከፍቶ እስከ ውስጥ ይበየድ። ከላይ የሚደረበው ላሜራ ጫፎቹ ሰያፍ ይቆረጡ። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ላሜራ ሻንሲውን በአንድ መስመር ያዳክመዋል፣ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው መስመር ላይ ይሰበራል። ባትሪው ይነቀል። የናፍጣ ታንከሩና የፍሬን ቱቦው ከእሳቱ ይራቁ።

መልስ 6፦ ይህ የእኔ ነው። በተባለው መንገድ ከስር ገብቼ ፋቅኩ። በሹፌሩ በኩል፣ ከጋቢናው ጀርባ፣ ስንጥቅ አለ። ገና አጭር ነው። ፎቶውን ለጠፍኩ። በያጁ አይቶ ይጠገናል፣ ግን እስኪጠገን አትጫን አለኝ። አልጫንኩም።

መልስ 7፦ በዕድሜ ትልቅ የሆኑ የቀድሞ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ደሴ መስመር ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸውና ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የመለስንላቸው። ልጄ ብለው ጀመሩ። ስለ ዳገቱ ብዙ አወራችሁ፣ የሚገድለው ቁልቁለቱ ነው አሉ። ሲሚንቶ ጭኖ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሰው፣ ዳገቱን በወጣበት ማርሽ ይውረድ አሉ። ሞተሩ ይያዘው። ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሰው ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ፍሬኑ ይሸታል፣ ከዚያ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል።

ስለ ፍሬን ዘይትም ተናገሩ። ዘይቱ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል። ውኃ የገባበት ዘይት በትንሽ ሙቀት ይፈላል፣ የፈላ ዘይት ደግሞ ፍሬን አይገፋም። በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፣ ከላይ መሙላት መቀየር አይደለም አሉ። በጋሼ ምክር ላይ የምጨምረው የለኝም። የእኔዋ ዘይት ሲወጣ ቡና መስሎ ነበር።

መልስ 8 እና 9፦ ወሬው ወደ ዋሻው ሄደ። አንዱ ጣርማ በር ያለውን ዋሻ በጃንሆይ ጊዜ የተቆፈረ ነው አለ። ሌላው አረመው፤ የተቆፈረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፣ ርዝመቱም 587 ሜትር ነው። ሁለቱም ዋሻው ውስጥ ጉም ሲገባ እንዴት እንደሚያስፈራ ጻፉ። ከፒክአፕ ጋር ባይገናኝም ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። መብራት ማሠራትም የእድሳቱ አካል መሆኑን አስታውሶኛል።

መልስ 10፦ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አውቶሞቲቭ የምታስተምር መምህርት ናት። በዚህ ውይይት ውስጥ ከተነገረው ሁሉ ሰው ይበልጥ ሊያውቀው ይገባል የምለው የእሷን ነው።

በብዙ ሃይሉክሶች ላይ ከኋላው አክሰል ጋር በስፕሪንግ የተያያዘ አንድ ቫልቭ አለ። ሥራው ጭነቱን እያየ የኋላውን ፍሬን ኃይል መመጠን ነው። መኪናዋ ስትጫን ካሶኒው ወደ አክሰሉ ይወርዳል። ቫልቩ በዚህ ያውቅና ለኋላው ፍሬን ብዙ ኃይል ይለቃል። ባዶ ስትሆን ካሶኒው ከፍ ይላል፣ ቫልቩም ኃይሉን ይቀንሳል። ያለዚያ የኋላው ጎማ ቀላል ስለሆነ ፍሬን ሲያዝ ይቆለፋል።

አሁን ባሌስትራ ሲጨመር ምን ይሆናል? መኪናዋ ሙሉ ጭነት ይዛም ካሶኒው ብዙም አይወርድም። ቫልቩ ባዶ ናት ብሎ ያስባል። የኋላው ፍሬን በግማሽ ኃይል ይሠራል። ሸክሙን በሙሉ የሚያቆመው የፊቱ ፍሬን ይሆናል፤ እሱም ቁልቁለት ላይ ይግላል። ስለዚህ ፔዳሉ የሚሰምጠው በማስተሩ (የፍሬን ዘይቱን በሚገፋው ፓምፕ) ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ባሌስትራውን ያስጨመረ ሰው ይህን ቫልቭም ማስተካከል ነበረበት አለች።

እውነቱን ለመናገር ስለዚህ ቫልቭ ከዚያ በፊት ከየትኛውም ጋራዥ ሰምቼ አላውቅም። ባሌስትራ የሚጨምሩ ሰዎች በየከተማው ሞልተዋል። ይህን ቫልቭ የሚያዩ ስንት ናቸው?

መልስ 11፦ እዚህ ላይ ነው ውይይቱ የጋለው። አንድ ከአዳማ የጻፈ ሹፌር ያን ቫልቭ ከዓመታት በፊት አስወጥቶ ቱቦውን በቀጥታ አገናኝቶታል። ምንም አልሆነም፣ እንዲያውም ፍሬኑ ጠነከረ አለ። መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ መካኒክ አይሆንም የሚል ቃልም ጨመረ።

መልስ 12፦ የመልስ 2 መካኒክ ተመልሶ መጣ፣ በዚህ ጊዜ ሳይለሳለስ። ቫልቩን አውጥቶ ባዶ መኪና በክረምት ዝናብ እንዲነዳ፣ ድንገት ፍሬን እንዲይዝ፣ ከዚያ ኋላው ወደ ፊት ሲዞር እንዲጽፍልን ጠየቀው። ጭነት ላይ ብቻ ሞክሮ ጥሩ ነው ማለት ለሌላው መንገደኛ አለማሰብ ነው አለ። መምህርቷን መስደቡንም ነውር ነው ብሎ ነገረው።

መልስ 13፦ መምህርቷ በእርጋታ መለሰች። ቫልቩ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ስለሚያንጠባጥብ ወይም ስለሚጣበቅ ነው፣ ችግሩ እውነተኛ ነው አለች። ማስወጣት ግን መፍትሔ አይደለም። ተጨማሪው ባሌስትራ ወጥቶ ካሶኒው ወደ ቦታው ቢመለስ ቫልቩም ወደ ሥራው ይመለሳል። ባሌስትራው የግድ ከሆነ ቫልቩን ከአክሰሉ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ይስተካከል።

እኔ ከመምህርቷ ጋር ነኝ። ሃያ ኩንታል ለመጫን ብሎ የሰው ነፍስ ላይ መወሰን አይቻልም። ባሌስትራውን አስወጥቻለሁ። በአንድ ጉዞ የማመጣው ሽንኩርት ቀንሷል፣ ይህ እውነት ነው። ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን ሒሳብ በመልስ 22 ታገኙታላችሁ።

መልስ 14፦ ስለ ማቀዝቀዣው ነው፣ ከመቀሌ የጻፈ መሐንዲስ። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። 3,000 ሜትር ላይ ግን 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የናፍጣ ሞተር የሚሠራው ከ80 ዲግሪ በላይ ነው። እንግዲህ ጣርማ በር ላይ በሥራው ሙቀትና በመፍላቱ መካከል ያለው ቦታ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ተመልከቱ። ያንን ቦታ የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ግፊት ይይዛል፣ ግፊት ውስጥ ያለ ውኃ ደግሞ ቶሎ አይፈላም። ጎማው የደረቀ፣ ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ያላት መኪና ሜዳ ላይ ደህና ሆና ጣርማ በር ላይ ትፈላለች። ስለዚህ ራዲያተር ከመግዛት በፊት ክዳን ይቀየር አለ።

ክዳኑን ቀየርኩ። ሙቀቱ ሙሉ በሙሉ አልተስተካከለም፣ ግን ለውጡ ግልጽ ነበር።

መልስ 15፦ አንዱ ቴርሞስታቱን (የሞተሩን ውኃ መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋውን ቫልቭ) አውጥተህ ጣለው፣ ያኔ አትሞቅም አለ። በአገራችን ይህ ምክር በጣም የተለመደ ነው።

መልስ 16፦ የመልስ 14 መሐንዲስ አልተስማማም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ጠዋት ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሠራል። ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ዘይቱ ይቆሽሻል፣ ሲሊንደሩ ይበላል። በብዙ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲሞቅ የአቋራጩን መንገድ ይዘጋል። ከወጣ የተወሰነው ውኃ ራዲያተሩን ሳያይ ይዞራል፣ ሙቀቱም ይብሳል። ይልቅ ራዲያተሩ ውስጡ ይጠረግ፣ ከፊቱ የተሰገሰገው አፈርና ነፍሳት በውኃ ይውጣ፣ ፋኑ ሲግል መያዙ ይታይ።

የመልስ 2 መካኒክ አንድ ነገር ጨመረ። የዚህ ሞተር ቴስታታ (የላይኛው ክዳኑ) ሙቀት አይችልም፣ በቫልቮቹ መካከል ይሰነጠቃል። ቴስታታ ከተከፈተ ደግሞ ከስሩ የሚገባው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ በሦስት ውፍረት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። የሚመረጠው ፒስተኑ ከብሎኩ በላይ ምን ያህል እንደሚወጣ ተለክቶ ነው። ሱቁ ያገኘውን ሰጥቶህ ከተገጠመ ወይ ኮምፕሬሽኑ ይወርዳል፣ ወይ ፒስተኑ ቫልቭ ይነካል።

መልስ 17፦ ሰው ሁሉ ታይሚንግ ቤልቱን (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያናብበውን ቀበቶ) ረሳው ብላ የጻፈችው የባሏን መኪና ሥራ የምታስተዳድር የወልዲያ ነጋዴ ናት። ዳሽቦርዱ ላይ በየ100,000 ኪሎ ሜትር የሚበራ የቤልት መብራት አለ። የእነሱን መኪና ቀድሞ የነበረው ባለቤት አምፖሉን ነቅሎት ነበር። ቤልቱ መንገድ ላይ ተበጠሰ፣ ቫልቮቹ ፒስተን መቱ፣ ቴስታታው አብሮ ሄደ። በጨረታ የወጣች መኪና ላይ ኪሎ ሜትሩን አትመኑ፣ ቤልቱን መጀመሪያ ቀይሩ አለች። ይህን ከቅደም ተከተሌ አናት ላይ ጨምሬዋለሁ። ዋጋው ከሚያድነው ጋር አይነጻጸርም።

መልስ 18፦ ስለ መለዋወጫ ነው። አንዱ ሶማሌ ተራ ገብቶ አዲሱን ርካሽ ዕቃ መግዛት ይሻላል አለ። ሌላው ያገለገለ ኦሪጅናል ይበልጣል ብሎ ተከራከረ። ብዙ ሰው ገባበት፣ አንዳንዱም ሻጮችን በጅምላ ሌባ እያለ ጻፈ። ይህን አልወደድኩትም። እዚያ ዕቃህን አይተው አይሆንህም ብለው ገንዘብህን የሚመልሱ ሰዎች አሉ። እኔ ከንግግሩ የወሰድኩት ይህን ነው። የፍሬን ሸራ፣ ጎማ ነክ ነገርና ቤልት ያገለገለ አይገዛም። ካምቢዮ፣ ዲፈረንሺያል፣ በርና ኮፈን ግን ያገለገለ ኦሪጅናል ቢሆን ይሻላል።

መልስ 19፦ ሻርጃ የሚሠራ ወገናችን ስለዚያው ጻፈ። እዚያ ኢንዱስትሪያል አካባቢ የተፈቱ መኪኖች ዕቃ በየረድፉ ነው። ሞተር የሚገዛ ሰው የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ ውስጡን ይይ፣ ወተት የመሰለ ነገር ካለ ውኃ ገብቶበታል አለ። የባሕር ዳርቻ ዕቃ ስለሆነም ብሎኖቹ በጨው መበላታቸው ይታይ።

መልስ 20፦ ወሬው አሜሪካ ደረሰ። ቨርጂኒያ ያለ ሰው ይህች መኪና እዚያ እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ፒክአፕ ተብላ ብቻ ትሸጥ እንደነበር፣ ከዚያ በታኮማ እንደተተካች አወራን። አሁን 25 ዓመት ያለፋት የውጭ መኪና ወደዚያ ማስገባት ስለሚቻል ናፍጣዋን ሃይሉክስ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ አለ። ወዲያው አንዱ እዚህ ስለ ሽንኩርት ነው የምናወራው ብሎ በቁጣ አቋረጠው። ቁጣው አያስፈልግም ነበር። ሰውየው ያቺን መኪና ወዷት ነው የጻፈው።

መልስ 21፦ አጭር ግን ትልቅ ማስጠንቀቂያ። ሞተር የምትቀይሩ ከሆነ ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተር ቁጥር አስቡ። መጀመሪያ መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ሒደቱን ጠይቁ፣ የገዛችሁበትን ሰነድም ያዙ። ያለዚያ ለዓመታዊ ምርመራ ስትቀርቡ ቁጥሩ አይገናኝም፣ ቦሎም አይገኝም። በሻንሲው ላይ ስትበይዱም ቁጥሩ የተመታበትን ቦታ አትንኩ። ከድርጅት የወጣች መኪና ከሆነች ደግሞ ከቀረጥ ነፃ ገብታ እንደሆነና ቀረጡ መከፈሉን ወረቀቱ ላይ ሳታዩ አንድ ብር እንዳታወጡ አለ። የአጎቴን ወረቀት አወጣሁ። ቀረጡ ተከፍሏል።

መልስ 22፦ ደብረ ብርሃን ወተት የምታከፋፍል እህት ስለ ቀለም ከእኔ ጋር አልተስማማችም፣ በጨዋነት። ደንበኛ መኪናውን አይቶ ነው ምግብ የሚቀበለው አለች። የዛገ ካሶኒ ላይ የተጫነ ወተት ማን ይገዛል? ስለ ጭነት መቀነስም ሒሳብ አሳየችኝ። እሷ በልኩ መጫን ከጀመረች ወዲህ ጎማ፣ ፍሪሲዮንና የመንኮራኩር ኩሺኔታ የምትቀይርበት ጊዜ ረዝሟል። መኪናዋ ጋራዥ የማትቆምበት ቀን ሁሉ ገቢ ነው፤ ያንን ከጎደለው ኩንታል ጋር አወዳድር አለችኝ።

በቀለሙ ላይ አሁንም አቋሜ ያው ነው። ለወተት ግን ትክክል ናት። ሽንኩርት በጆንያ ይሄዳል፣ ወተት ሌላ ነው።

መልስ 23፦ ከአፍዴራ ጨው የሚያመላልስ ሹፌር ስለ ዝገት ብዙ ጻፈ። ከላይ ቀለም መቀባት ዝገትን አያቆምም፣ ዝገቱ ከውስጥ ነው የሚመጣው አለ። በበሮቹና በጋቢናው ስር ያሉት የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በጭቃ ይደፈናሉ። ውኃው ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ ቀዳዳዎቹ ይከፈቱ፣ የተበላው ወለል ተቆርጦ ይውጣ፣ አዲስ ላሜራ ይበየድ፣ ዝገት መከላከያ ይቀባ። በተበላ ብረት ላይ ስቱኮ መሙላት ለገዢ መደበቂያ እንጂ ጥገና አይደለም አለ። እሱ ከስር የተቃጠለ ዘይት ይረጫል።

መልስ 24፦ የተቃጠለ ዘይቱን አንዱ ተቃወመ። ዘይት ጎማ ነክ ቡሾችን ያበላሻል፣ ፍሬን ሸራ ላይ ከደረሰ ደግሞ መኪናዋ አትቆምም። መሬቱንም ይመርዛል። ጨው ጫኙ ተቀብሎ፣ እሱ ፍሬኑን ሸፍኖ እንደሚረጭ አብራራ። ሰላማዊ ነበር።

መልስ 25፦ ይህም የእኔ ነው፤ አሁን ያለሁበትን ጻፍኩ። ሻንሲው ተበይዷል፣ ላሜራው ሰያፍ ነው። የፍሬን ማስተሩ፣ የኋላው ሸራና ዘይቱ ተቀይረዋል። ታይሚንግ ቤልትና ካንዴሌታዎቹ አዲስ ናቸው። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች፣ ነጩ ጭስም የለም። ኮምፕሬሽኑ ሲለካ አራቱም ከ25 ባር በላይ ሆኑ፤ ስለዚህ ሞተሩ አልወረደም። ራዲያተሩ ተጠርጎ ገብቷል። የጋቢናው ወለል ቀጣዩ ነው።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። መምህርቷ የነገረችን ቫልቭ ዘንጉ ተጣሟል፣ ስፕሪንጉም ዝጓል። የት ይገኛል? ሞተሩ ሁለት ጎማ ብቻ የሚያሽከረክርባት ሃይሉክስና አራቱንም የሚያሽከረክርባት ቫልቫቸው አንድ ነው ወይ?

መልስ 26፦ የመልስ 2 መካኒክ አንድ አይደለም አለ። በሞዴል ቁጥር ብቻ እንዳትገዛ፣ አሮጌውን ፈትተህ ይዘህ ሂድና ዘንጉን ጎን ለጎን አስቀምጠህ ለካ። ከተገጠመ በኋላ መኪናዋን ባዶ፣ ሜዳ ላይ አቁመህ ነው የሚስተካከለው፣ በክሪክ ተነስታ አይሆንም።

መልስ 27፦ መምህርቷ በዚህ ተስማማች። ኮሌጃቸው ያለውን የግፊት መለኪያ በመጠቀም የፊቱንና የኋላውን ፍሬን ግፊት ለክታ ልታሳየኝ ፈቃደኛ ናት። ዘንጉ እንደተገኘ መኪናዋን ይዤ እሄዳለሁ። የለካችውን ቁጥር፣ ባዶውንም ጭነት ይዛ ያለውንም፣ እዚሁ እጽፋለሁ።